ከፍትፍቱ ፊቱ፤ የደንበኛ መስተንግዶና የድርጅት ዕድሜ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ስለ እንግዳ አቀባበል የተነገረ ይሁን እንጂ ስለ ንግድ ሥራም የሚያስተምረው ብዙ ነው። ማዕዱ የቱንም ያህል ቢያምር የአስተናጋጁ ፊት ከጠቆረ እንግዳው ደስ ብሎት አይነሣም፤ በልቶ ቢነሣም ተመልሶ አይመጣም። የዚህ ንግግር ዓላማም አንድ ድርጅት ደንበኛውን የሚያስተናግድበት መንገድ የዕለት ሽያጩን ብቻ ሳይሆን ረጅም ዕድሜውን እንዴት እንደሚወስን መመርመር ነው። ይሁንና ምሳሌው የእውነቱን ሙሉ ገጽታ እንደማይዝ ከወዲሁ ማመልከት ተገቢ ይሆናል። ፊት ያለ ፍትፍት እንግዳን አያጠግብምና፣ ፈገግታ ብቻውን መስተንግዶ ተብሎ ሊቆጠር አይችልም።

በቅድሚያ «ደንበኛ» የሚለው ቃል ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል። በአማርኛ አንድ ጊዜ ዕቃ ገዝቶ የሄደ ሰው ገዥ ወይም ሸማች ይባላል። ደንበኛ የሚባለው ግን መምጣቱን ደንብ ያደረገ፣ ሌላ ሱቅ እያለፈ ወደ አንዱ ሱቅ የሚሄድ ሰው ነው። ያው ቃል «ደንበኛ ሥራ»፣ «ደንበኛ ሰው» ሲባል ትክክለኛውንና ሥርዓቱን የጠበቀውን ያመለክታል። እንግዲህ ቋንቋው ራሱ በገዥና በደንበኛ መካከል ልዩነት አድርጓል ማለት ነው። ገዥን ማስታወቂያ ያመጣዋል፤ ደንበኛን ግን የሚፈጥረው ተደጋግሞ የተፈተነ መስተንግዶ ነው።

ይህን እውነት በየገበያው የሚውሉት ነጋዴዎች ትምህርት ቤት ሳይገቡ ያውቁታል። እህል ነጋዴዋ ቁናውን ሰፍራ ከሞላች በኋላ በእፍኟ የምትጨምረው ምራቂ ለዕለቱ ሲታይ ኪሳራ ነው። ነገር ግን ምራቂው የዛሬው ሽያጭ ዋጋ ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ቀብድ መሆኑን ታውቃለች። የሰፈር ባለ ሱቅም እንዲሁ ነው። በዱቤ መዝገቡ ላይ የጎረቤቱን ስም ሲጽፍ ገንዘብ ማበደሩ ብቻ አይደለም፤ ደመወዝ እስኪወጣ ድረስ የሚቆይ፣ ከዚያም በኋላ የሚቀጥል ዝምድና መመሥረቱ ነው። ይህ ጥበብ ከሰፈሩ ሱቅ አልፎ ብዙ ሺህ ሠራተኞች ወዳሉት ትልቅ ድርጅት ሲደርስ ለምን እንደሚጠፋ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱም የሚገኘው በአገልግሎት ጠባይ ውስጥ ነው።

አገልግሎት እንደ ሲሚንቶ ወይም እንደ ስኳር ተመርቶ በመጋዘን የሚከማች ነገር አይደለም። ሲሚንቶ ከፋብሪካው ከመውጣቱ በፊት ይመረመራል፤ ጉድለት ያለበት ከረጢት ገዥው እጅ ሳይገባ ይመለሳል። አገልግሎት ግን የሚመረተውም የሚበላውም በአንድ ቅጽበት፣ በደንበኛው ፊት ነው። ባዶውን የተነሣ የአውሮፕላን መቀመጫ ለነገ ሊቀመጥ አይችልም፤ በመስኮቱ ላይ የተሰነዘረ ክፉ ቃልም ተመልሶ አይመለመልም። ከዚህም ሌላ፣ ያን ቅጽበት የሚመራው የበላይ ኃላፊው ሳይሆን በደረጃ ዝቅተኛው የሆነው የመስኮት ሠራተኛ፣ የስልክ ተቀባይ፣ የበር ጠባቂ ወይም ሾፌር ነው። ባለ ሱቁ ደንበኛውን በዓይኑ ያየዋል፤ የትልቅ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ግን ደንበኛውን የሚያገኘው በሪፖርት ውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የችግሩ ሥር ይኸው ነው።

ይህን ርቀት ለማጥበብ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ በሰፊው የታወቀው በስካንዲኔቪያ አየር መንገድ የተፈጸመው ነው። ኤስ.ኤ.ኤስ. በመባል የሚታወቀው ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1946 የስዊድን፣ የኖርዌይና የዴንማርክ አየር መንገዶች ተባብረው የመሠረቱት ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ትርፋማ ሆኖ ከቆየ በኋላ በ1970ዎቹ መጨረሻ በነዳጅ ዋጋ መናርና በገበያው መቀዝቀዝ ምክንያት ወደ ኪሳራ አዘቀዘቀ። በ1981 ያን ካርልሰን የተባለ ስዊድናዊ የሥራ አመራር ሰው የድርጅቱን ኃላፊነት ሲረከብ፣ በአብዛኛው የሚጠበቀው እርምጃ በየክፍሉ ወጪን እኩል መቁረጥ ነበር። ካርልሰን ግን ሌላ ጥያቄ አነሣ፤ ይኸውም ድርጅቱ የሚያገለግለው ማንን ነው? የሚል ነበር።

መልሱ ለሥራ ጉዳይ አዘውትሮ የሚጓዘው መንገደኛ ሆነ። ይህ መንገደኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው አውሮፕላኑ በሰዓቱ እንዲነሣና ጊዜው በከንቱ እንዳይባክን ነው። ስለዚህም ድርጅቱ በኪሳራ ላይ እያለ 147 በሚሆኑ የአገልግሎት ማሻሻያ ሥራዎች ላይ 45 ሚሊዮን ዶላር ያህል አዲስ ገንዘብ አፈሰሰ። በሌላ በኩል ለዚህ መንገደኛ የማይጠቅም ሆኖ የተገኘው ወጪ ሁሉ ያለ ርኅራኄ ተቀነሰ። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው፣ ጥሩ መስተንግዶ ማለት ወጪን በየአቅጣጫው ማብዛት ማለት አለመሆኑን ነው። ደንበኛው የሚፈልገውን ለይቶ ያወቀ ድርጅት፣ የማይፈልገውንም ለይቶ ስለሚያውቅ ገንዘቡን ከአንዱ አንሥቶ ለሌላው ማዋል ይችላል።

ካርልሰን ለሠራተኞቹ ያቀረበው ስሌት እጅግ ቀላል ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ 10 ሚሊዮን መንገደኞች እያንዳንዳቸው ከ5 ያህል የድርጅቱ ሠራተኞች ጋር ይገናኛሉ፤ እያንዳንዱም ግንኙነት በአማካይ የሚፈጀው 15 ሴኮንድ ነው። እንግዲህ ድርጅቱ በመንገደኞቹ አእምሮ ውስጥ በዓመት 50 ሚሊዮን ጊዜ፣ በየጊዜውም ለ15 ሴኮንድ ይፈጠራል ማለት ነው። ካርልሰን እነዚህን ጊዜያት «የእውነት ቅጽበቶች» ብሎ ጠራቸው። አውሮፕላኖቹ፣ ሕንፃዎቹና የጥገና አውደ ርእዮቹ ዋጋ የሚኖራቸው በነዚያ ቅጽበቶች መንገደኛው «ምርጫዬ ትክክል ነው» ብሎ ካመነ ብቻ መሆኑንም አስረዳ።

ለዚህ ማስረጃ የሚጠቀስ አንድ ታሪክ አለ። አንድ አሜሪካዊ ነጋዴ ከስቶክሆልም ወደ ኮፐንሃገን ሊሄድ አውሮፕላን ጣቢያ ከደረሰ በኋላ ቲኬቱን በሆቴሉ ረስቶ መምጣቱን አወቀ። በዚያ ዘመን ያለ ቲኬት መሳፈር የማይታሰብ ነበር። ሆኖም የቲኬት ሠራተኛዋ የመሳፈሪያ ካርድና ጊዜያዊ ቲኬት ሰጠችው፤ የሆቴሉን ስምና የክፍሉን ቁጥር ጠይቃም ወደ ሆቴሉ ስልክ ደወለች፤ ቲኬቱም ተገኝቶ በድርጅቱ መኪና ተጭኖ መንገደኛው ከመሳፈሩ በፊት ደረሰለት። ሠራተኛዋ ይህን ስታደርግ የማንንም ፊርማ አልጠየቀችም። ቁም ነገሩ ሠራተኛዋ ደግ መሆኗ አይደለም፤ ደጎች በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። ቁም ነገሩ ድርጅቱ ደግነቷን በሥራ ላይ የምታውልበት ሥልጣን የሰጣት መሆኑ ነው።

ከዚሁ ድርጅት የጭነት ክፍል የተገኘው ትምህርት ደግሞ ከዚህ ያልተናነሰ ነው። የጭነት ክፍሉ ሥራውን በትክክል ስለ መሥራቱ በየጊዜው ጥሩ ሪፖርት ያቀርብ ነበር። አስተዳደሩ ለሙከራ ያህል 100 እሽጎች ወደ ልዩ ልዩ የአውሮፓ ከተሞች እንዲላኩ አደረገ። በተሰጠው ተስፋ መሠረት በማግሥቱ መድረስ የነበረባቸው እሽጎች በአማካይ 4 ቀን ዘግይተው ደረሱ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ክፍሉ ይለካ የነበረው ዕቃውና ሰነዱ ሳይለያዩ መጓዛቸውን እንጂ በተባለው ቀን መድረሳቸውን አለመሆኑ ተገለጠ። በሌላ አነጋገር ክፍሉ ለራሱ የሚመቸውን ለካ፤ ደንበኛው ግን የሚለካው ሌላ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ መለኪያው ተለወጠ።

ውጤቱስ ምን ሆነ? ድርጅቱ በአንድ ዓመት ገደማ ከኪሳራ ወደ ትርፍ ተሸጋገረ፤ በሰዓት አክባሪነቱም በአውሮፓ ታወቀ፤ በ1983 «የዓመቱ አየር መንገድ» የሚል ሽልማት አገኘ። ነገር ግን ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም የተሟላ አይሆንም። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ድርጅቱ እንደገና ችግር ገጠመው፤ ካርልሰንም በ1993 ከኃላፊነቱ ተነሣ። በኋለኞቹ ዘመናት ርካሽ ዋጋ የሚያስከፍሉ አየር መንገዶች ገበያውን ሲሻሙት፣ በመጨረሻም የኮሮና ወረርሽኝ መንገደኛን ሲያሳጣው፣ ኤስ.ኤ.ኤስ. በ2022 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከአበዳሪዎች ጥበቃ ለመጠየቅ ተገደደ፤ ከዚያ የወጣውም በ2024 አዳዲስ ባለ አክሲዮኖች ገብተውበት ነው። ስለዚህ መልካም መስተንግዶ ድርጅትን ከማናቸውም መከራ የሚያድን ክታብ አይደለም። ከፍተኛ ወጪን፣ የተሳሳተ መዋዕለ ንዋይንና የገበያ መለወጥን አይተካም። ደግሞም አንድ ጊዜ ተገኝቶ ለዘለዓለም የሚቀመጥ ሀብት ሳይሆን፣ እንደ ማሳ በየዓመቱ መታረስ የሚፈልግ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል።

መስተንግዶ ለረጅም ዕድሜ የሚሰጠውን ጥቅም ምሁራንም መርምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1988 ፓራሱራማን፣ ዘይትሃምልና ቤሪ የተባሉ ሦስት የገበያ ጥናት ሊቃውንት ባወጡት ጥናት ደንበኞች የአገልግሎትን ጥራት የሚመዝኑባቸውን ነገሮች በ5 ከፍለው አስቀምጠዋል። እነርሱም የሚታዩ ነገሮች፣ ማለት ሕንፃው፣ መሣሪያውና የሠራተኛው አለባበስ፤ የተባለውን በተባለው ጊዜ መፈጸም፤ ፈጥኖ ምላሽ መስጠት፤ በዕውቀትና በትሕትና እምነት ማሳደር፤ እንዲሁም የደንበኛውን ችግር እንደ ራስ ችግር ማየት ናቸው። ከነዚህም መካከል ደንበኞች ደጋግመው በአንደኛነት ያስቀመጡት የተባለውን መፈጸምን ነው። በመጀመሪያ ላይ ስለ ፍትፍቱና ስለ ፊቱ የተነገረውም እዚህ ላይ ይረጋገጣል። ገንዘቡን ሊያወጣ መጥቶ «ኔትወርክ የለም» የተባለ ሰው፣ ቃሉ በፈገግታ ስለ ተነገረው ብቻ አገልግሎት አገኘሁ ብሎ አይሄድም።

ሁለተኛው ጥናት ስለ ቅሬታ ነው። በ1970ዎቹ በአሜሪካ መንግሥት ጥያቄ የሸማቾች ቅሬታ ሲጠና፣ ከተበደሉት ደንበኞች አብዛኞቹ ለድርጅቱ አቤት እንደማይሉ ታወቀ። አቤቱታቸው ፈጥኖ የተፈታላቸው ደግሞ፣ ተበድለው ዝም ካሉት ይልቅ ተመልሰው የመግዛት ፈቃደኛነት እንዳላቸው ተገነዘቡ። እንግዲህ ቅሬታ የሌለበት ድርጅት ሁሉ የተመሰገነ ነው ማለት አይቻልም። አቤት የሚል ደንበኛ ገና ከድርጅቱ አልወጣም፤ የሚያስፈራው ምንም ሳይናገር የሄደው ነው።

ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ራይክሄልድና ሳሰር በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በመረመሯቸው የአገልግሎት ዘርፎች ከድርጅቱ የሚለዩትን ደንበኞች በ5 በመቶ መቀነስ ትርፍን ከ25 እስከ 85 በመቶ ሊያሳድግ እንደሚችል አመልክተዋል። ቁጥሩ እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። አዲስ ደንበኛን ለማምጣት ማስታወቂያና ድካም ያስፈልጋል። የቆየ ደንበኛ በየጊዜው ግዥውን ያሳድጋል፤ የድርጅቱን አሠራር ስለሚያውቅ የሠራተኛውን ጊዜ አይፈጅም፤ ከሁሉም በላይ ዘመዱንና ባልንጀራውን ይዞ ይመጣል። ዕድር፣ ዕቁብና ማኅበር ባሉበት አገር አንድ ሰው ስለ አንድ ድርጅት የሚናገረው ቃል በስንት ጆሮ እንደሚገባ መገመት አያዳግትም።

በኢትዮጵያ ምድርም ለዚህ የሚጠቀስ ምሳሌ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ቲ.ደብሊዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል ተቋቁሞ፣ በ1946 የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በ1971 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ተሾመለት። ድርጅቱ ከሦስት የመንግሥት ሥርዓቶች ጋር የኖረ ሲሆን፣ የዕዝ ኢኮኖሚ በሰፈነበት ዘመን እንኳ እንደ ንግድ ድርጅት ተዳድሯል። ለዚህም አንዱ ምክንያት፣ ከአገር ውስጥ የገበያ ጥበቃ ቢያገኝም በሮም፣ በናይሮቢ ወይም በለንደን ጣቢያ ላይ ጥበቃ የሌለው መሆኑ ነው። በዚያ ሥፍራ መንገደኛው የሌላውን አየር መንገድ ቲኬት በዚያው ቀን መግዛት ይችላል። አብራሪውን፣ ቴክኒሺያኑን፣ የበረራ አስተናጋጁንና የሽያጭ ሠራተኛውን በራሱ ትምህርት ቤት ማሠልጠኑ፣ የሌሎች የአፍሪካ አገሮችንም ሠልጣኞች መቀበሉ፣ መስተንግዶን የአጋጣሚ ሳይሆን የሥልጠና ውጤት አድርጎታል። በ2020 ወረርሽኙ መንገደኛን ባጠፋ ጊዜም፣ ከመንገደኛ አውሮፕላኖች መቀመጫ አንሥቶ ዓለም በዚያ ሰዓት የፈለገውን የሕክምና ዕቃ መጫኑ፣ ደንበኛው ምን ይፈልጋል ብሎ የመጠየቅን ልማድ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ምርጫ ያለው ደንበኛ በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን በብዙ ዘርፎች አልነበረም። ባንኮች እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ መንግሥት ይዞታ ከገቡ በኋላ የግል ባንክ እንዲቋቋም የተፈቀደው በ1994 ነው። በቴሌኮም ዘርፍ ሁለተኛው አገልግሎት ሰጪ ሥራ የጀመረው በ2022 ነው። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው ሕግ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው በታኅሣሥ 2024 ነው። ምርጫ በሌለበት ሰልፍ መርዘሙ የድርጅቱ ተወዳጅነት ምልክት ሆኖ ይታያል። «ነገ ይመለሱ»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ፎቶ ኮፒ አድርገው ይምጡ» የሚሉ ቃላት ወጪ የሌላቸው ይመስላሉ። እውነቱ ግን ወጪው ያለ መሆኑ ነው። ልዩነቱ የሚከፍለው በመጀመሪያ ደንበኛው፣ በኋላም ድርጅቱ መሆኑ ላይ ነው። ከሩቅ ወረዳ ተሳፍሮ የመጣ ገበሬ አንድ ፊርማ አጥቶ ሲያድር፣ የአልጋውና የምግቡ ወጪ በድርጅቱ የሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም። በገበሬው ልብ ግን ተጽፎ ይቀራል፤ ሌላ በር የተከፈተለት ቀንም ሒሳቡ ይወራረዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ተቃውሞ አለ። የሠራተኛው ደመወዝ አነስተኛ፣ ሥራው ብዙ፣ መሣሪያውም የሚበላሽ ስለ ሆነ፣ ስለ መስተንግዶ መናገር ቅንጦት ነው ይባላል። ተቃውሞው በከፊል እውነት አለው። በቀን ብዙ መቶ ሰው የሚያስተናግድን ሠራተኛ፣ ሥልጣንም ዕረፍትም ሳይሰጡ ፈገግ በል ብሎ ማዘዝ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን ይህ እውነት መስተንግዶን ከሥራ አመራር ትከሻ ላይ አያወርደውም፤ እንዲያውም ይበልጥ ያሸክመዋል። በመስኮቱ ላይ የሚታየው ክፉ መስተንግዶ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከላይኛው ፎቅ ነውና። አለቃው ያላከበረው ሠራተኛ ደንበኛውን ያከብራል ተብሎ አይጠበቅም።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ለሥራ መሪዎች አራት ተግባራትን ማመልከት ይቻላል። አንደኛ፣ ድርጅቱ የሚለካው ነገር ደንበኛው የሚለካው መሆን ይኖርበታል። በቀን ስንት ጉዳይ ተፈጸመ ከሚለው ሪፖርት አጠገብ፣ አንድ ደንበኛ ጉዳዩን ለመፈጸም ስንት ጊዜ ተመላለሰ የሚል ዓምድ ቢጨመር ብዙ ነገር ይገለጣል። ሁለተኛ፣ ለመስኮት ሠራተኛው የተወሰነ ሥልጣን በጽሑፍ መሰጠት አለበት። ሠራተኛው እስከ ምን ድረስ ያለ አለቃ ፊርማ መወሰን እንደሚችል ከታወቀ፣ ደንበኛውም አለቃውም ጊዜ ያተርፋሉ፤ ሥልጣኑ አለ አግባብ እንዳይሠራበትም በኋላ መቆጣጠር ይቻላል። ሦስተኛ፣ ቅሬታ የሚሰማበት መንገድ እውነተኛ መሆን አለበት። ቁልፉ የት እንዳለ የማይታወቅ የአስተያየት ሣጥን ግድግዳ ላይ መስቀል፣ ጭራሽ ካለመስቀል የከፋ ነው፤ ደንበኛውን ሁለት ጊዜ ይበድለዋልና። አራተኛ፣ የበላይ ኃላፊዎች በዓመት ውስጥ የተወሰኑ ቀናት ራሳቸው በሰልፉ ላይ ቆመው ወይም በመስኮቱ ጀርባ ተቀምጠው ሥራውን ቢያዩት፣ ከብዙ ገጽ ሪፖርት የማያገኙትን ያገኛሉ።

በመጨረሻም፣ የዘመኑ መሣሪያዎች ይህን ጉዳይ እንደማያስቀሩት መታወቅ አለበት። በሞባይል ስልክ ገንዘብ መላክ የተለመደ ከሆነ ወዲህ ብዙ ሰልፎች አጥረዋል፤ ይህም ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ወደተሳሳተ ሰው የሄደበት ደንበኛ የሚፈልገው መሣሪያ ሳይሆን፣ ጉዳዩን ሰምቶ የሚፈታለት ሰው ነው። ቀላሉን ሥራ መሣሪያ ሲወስደው፣ ለሰው የሚቀረው ከባዱ፣ የተበሳጨውና የተጨነቀው ደንበኛ የሚቀርብበት ሥራ ይሆናል። የሰው ለሰው ግንኙነቱ ቁጥር ቢቀንስም የያንዳንዱ ክብደት ይጨምራል።

የድርጅት ንብረት በየዓመቱ መጨረሻ ይቆጠራል። ሕንፃው፣ መኪናው፣ የጽሕፈት ቤት ዕቃው ሁሉ ዋጋው ተተምኖ ይመዘገባል፤ የእርጅናው ሒሳብም ይቀነሳል። ደንበኛው በድርጅቱ ላይ ያለው እምነት ግን በማናቸውም መዝገብ ላይ አይገኝም፤ ሲጨምርም ሲቀንስም ኦዲተር አያየውም። ሆኖም ሌላው ንብረት ሁሉ ዋጋ የሚኖረው ይህ ያልተመዘገበው ሀብት እስካለ ድረስ ነው። የሥራ መሪ ዋነኛ ተግባርም ይህን ሀብት፣ ሌላ በር ሳይከፈት በፊት፣ ገና ሰልፉ ረጅም ሳለ መቁጠር መጀመር ነው።